በአቃቂ ሜዳ የድሮውን ሐዲድ ፎቶ ማንሳት

ከቃሊቲ በአቃቂ አድርጎ ወደ ዱከም የሚወርደው የድሮው የምድር ባቡር መስመር ለፎቶ የተመቸ አገር ያቋርጣል። ሜዳው ክፍት ነው፤ በስተምሥራቅ የረር፣ በስተደቡብ ዝቋላ፣ በስተምዕራብ ፉሪና ወጨጫ ይታያሉ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ወፎች ይሰፍሩበታል። እዚህ የተነሳ ቆንጆ ፎቶ ሞልቷል፤ የዛገ ሐዲድ፣ ሣር፣ ጀምበር። የትኛው ቦታ እንደሆነ፣ የትኛው መስመር እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሳ የሚናገር ፎቶ ግን ከስንት አንድ ነው። ሐዲዱ በየቦታው እየተነቀለና ግንባታ እየተጫነው ስለሆነ፣ ዛሬ ያለ መረጃ የተነሳ ፎቶ ነገ የት እንደነበር የሚያውቅለት አይኖርም። የእኔ አሠራር ከዚህ ሐሳብ የመጣ ነው፦ ፎቶው ራሱ ማስረጃ ይሁን።

የድሮው መስመር ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፤ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 እ.ኤ.አ. ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ግን 1.435 ሜትር ነው። ሁለቱ በዚህ አካባቢ ተቀራርበው ስለሚያልፉ በየፎቶው ላይ ሲምታቱ ይታያል።

ስለዚህ ከካሜራው እኩል የማልለየው ዕቃ አንድ ሜትር ጣውላ ነው። ስፋቱ 3፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በደንብ የደረቀና ያልተጣመመ እንጨት ከአናጺ ይገኛል። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ እያፈራረቁ መቀባት ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም ብርሃን ስለሚመልስ አይሆንም። ጫፍና ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ማሳጠር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዝገቱ ላይ ይቀረቀራል። ጣውላውን በሁለቱ ሐዲዶች ራስ ውስጠኛ ገጽ መካከል አጋድሞ አንድ ፎቶ ማንሳት። ልክክ ብሎ ከገባ መስመሩ የድሮው ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጠመዝማዛ ላይ ትንሽ ክፍተት ቢተርፍ አያስደነግጥ፤ የባቡሩ መንኮራኩር እንዳይቀረቀር ኩርባ ላይ ሆን ተብሎ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ያንን ክፍተት ለብቻው ቀርቦ ማንሳት ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሐዲዱ ወገብ፣ ማለት ከላይኛው ራስና ከታችኛው እግር መካከል ያለው ቀጭን ክፍል አለ። ፋብሪካው ብረቱን ሲጨፈልቅ አብሮ ያወጣው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው፤ የፋብሪካው ስም፣ ዓመት፣ አንዱ ሜትር ስንት ኪሎ እንደሚመዝን። ዝገት ስለሸፈነው ፊት ለፊት ሲያዩት ባዶ ይመስላል። ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ጃንጥላ አጥልቶ፣ የእጅ ባትሪ ከሐዲዱ ጋር ሊነካካ በሚችል ዝቅተኛ ማዕዘን ከጎን ማብራት ነው። የፊደሎቹ ጥላ ወዲያው ይወጣል። ካልበቃ ጠመኔ በጎኑ አጋድሞ በስሱ ማሸት ይቻላል፤ ጠመኔው የሚይዘው ከፍ ያለውን ፊደል ብቻ ነው፣ በመጀመሪያው ዝናብም ይታጠባል። በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ግን ፊደሉን ራሱን ይበላዋል። ብዙዎች እዚህ ላይ የሚያገኙትን ዓመት መስመሩ የተዘረጋበት ዓመት አድርገው ይጽፉታል። ዓመቱ ብረቱ የተሠራበት ነው። ከዋናው መስመር የወጣ ሐዲድ ወደ ጣቢያ ማቆሚያ መስመር ተዛውሮ እንደገና ሊያገለግል ስለሚችል፣ በዓመቱና ሐዲዱ አሁን ባለበት ቦታ መካከል ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል።

አፈሩ መረሬ፣ ማለት ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ሲረጥብ የትራይፖድ እግር ይውጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያም ሆነ ይህ ሹተሩ፣ ማለት የካሜራው መዝጊያ፣ ለረጅም ጊዜ ክፍት ሆኖ ሳለ አንዱ እግር ይሰምጣል። የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን ሦስት ይዞ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ማድረግ ይበቃል። ሌንስ መቀየር ከጥር ጀምሮ ነፋሱ አቧራ ሲያነሳ መኪና ውስጥ ወይም ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ሜዳ ላይ አይደለም።

ስለ ብርሃኑ ማወቅ ያለብን ይህ ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12፡05 እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ከፍ ስለምትል የሐዲዱ ቅርጽ ይጠፋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የእኩለ ቀኗ ፀሐይ በስተሰሜን ናት። ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነ ሕንፃ ወይም ፉርጎ በቀጥታ ብርሃን የሚያገኘው በእነዚህ ወራት ሲሆን፣ ክረምቱ ደመና ስለሆነ የሚሻለው ግንቦት ነው። ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነውን ለኅዳርና ለታኅሣሥ መተው። በዚህ ከፍታ ሰማዩ ራሱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ስለሆነ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስና ሰማዩን የሚያጠቁር ማጣሪያ) በሰፊ ሌንስ ላይ ሲገጠም አንዱን የሰማይ ጥግ ጥቁር፣ ሌላውን ነጣ ያለ ያደርገዋል፤ እኔ ከ35 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ሌንስ ላይ አልገጥመውም። ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን ከየሰፈሩ የሚወጣው ጭስ ተራሮቹን ይሰውራቸዋል። በ1911 ዓ.ም. የመጣው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ የሆነውን ይህን ጭስ ራሱን ለማንሳት ለሚፈልግ ቀኑ ጥሩ ነው፤ ዝቋላን ለሚፈልግ ግን ሌላ ቀን።

ለመስመሩ አጠቃላይ ፎቶ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ የብርሃን ስሜቱ አይ ኤስ ኦ 100፣ ፋይሉም ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬው (RAW)። ጥቁር አፈርና ነጭ ደመና አንድ ላይ ስለሚገቡ በሁለት ስቶፕ ልዩነት ሦስት ፎቶ ማንሳት ነው፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው። ወፍ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ ለሚበር ወፍ የሹተሩ ፍጥነት ከ1/1600 ሰከንድ በታች አይወረድም። ከብት ተከትላ የምትሄደው ነጭ ሳቢሳ በመረሬው ላይ ስትቆም ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ብርሃን ስለሚያበዛ ላባዋ ነጭ ጨርቅ ይሆናል፤ አንድ ስቶፕ መቀነስ። ሰማይ ላይ ያለ ጭልፊት ግን በተቃራኒው ጥቁር ስለሚሆን አንድ ስቶፕ መጨመር። በአባ ሳሙኤል ሐይቅ በኩል ውኃውን እምቦጭ ስለሸፈነው ወፎቹ የሚሰበሰቡት ክፍት በቀረው ዳርቻ ላይ ነው። በእግር ከመጠጋት መኪናውን አቁሞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ 2 ኪሎ ሽንብራ የተሞላ የጨርቅ ከረጢት መስኮቱ ላይ አድርጎ ሌንሱን እሱ ላይ ማሳረፍ የተሻለ ነው፤ ወፉ ከሰው እንጂ ከቆመ መኪና እምብዛም አይሸሽም። ከ4 ሰዓት በኋላ ግን ጥቁሩ አፈር ሞቆ አየሩን ስለሚያርገበግበው፣ ከ100 ሜትር በላይ ርቀት የተነሳው ሁሉ ይደበዝዛል። ውድ ሌንስ ይህን አያድንም።

አዲሱ መስመር ጋ አጥር አይታለፍም። ከላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይዟል፤ ረጅም ዘንግም ሆነ የተዘረጋ ትራይፖድ ወደዚያ ማንሳት ሕይወት ያሳጣል። ለጣቢያና ለፉርጎ የባለቤቱን ደብዳቤ፣ ለሰፈሩ የወረዳውን ፈቃድ አስቀድሞ መያዝ ነው።

ከሁሉ የምወደው ሥራ ግን ከሰው አልበም የወጣን የድሮ ፎቶ ከተነሳበት ነጥብ ላይ ቆሞ ደግሞ ማንሳት ነው። ሌንስ ምስሉን ያሰፋል ወይም ያጠባል እንጂ ዕይታን የሚወስነው የቆሙበት ቦታ ስለሆነ፣ ጥያቄው ሁሉ የት ልቁም ነው። የድሮው ሐዲድ እዚህ ላይ ራሱ ሜትር ይሆነናል፤ ቀጥ ባለ መስመር ላይ በየትም ቦታ ስፋቱ 1 ሜትር ነውና። በድሮው ፎቶ ላይ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት በቅርቡ ቦታ 20 ሚሊ ሜትር፣ ከሩቁ ድልድይ አጠገብ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ድልድዩ ከካሜራው ያለው ርቀት የቅርቡ ቦታ አራት እጥፍ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መሬት ተለክቶ 60 ሜትር ከሆነ ፎቶ አንሺው ከቅርቡ ቦታ 20 ሜትር ወደኋላ ቆሞ ነበር።

ይህ ወደፊትና ወደኋላውን ይወስናል። ግራና ቀኙን የሚወስነው የተራራ ጫፍ ነው። በድሮው ፎቶ ላይ የየረር ጫፍ ከጣቢያው ጣሪያ ጥግ በላይ ከወጣ፣ ዛሬም ጫፉና ጥጉ እስኪገጥሙ በጎን መንቀሳቀስ ነው፤ አንድ እርምጃ እንኳ ያዛባዋል። ጣሪያው ከፈረሰ መሠረቱ ወይም ያረጀ ግራር ይተካዋል፤ ባሕር ዛፍ ግን ተቆርጦ ስለሚያቆጠቁጥ አይታመንም። ቁመቱን ደግሞ አድማስ ይነግረናል። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የአድማሱ መስመር የቆመ ሰው አካል ላይ የሚያልፍበት ቦታ የካሜራው ከፍታ ነው። ሆድ ላይ ካለፈ፣ ከላይ ወደ ታች እያዩ የሚያነሱበት ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ሊሆን ይችላል፤ ትራይፖዱን ወደ 1 ሜትር ማውረድ።

የድሮውን ፎቶ ከአልበም ስንገለብጥ ፍላሽ አይነካም። መስኮት አጠገብ አጋድሞ፣ ካሜራውን ከወረቀቱ ጋር እኩል አድርጎ፣ ጀርባውንም ጭምር ማንሳት። ጀርባው ላይ ያለው ዓመት ከፊቱ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የውጭ ፎቶ ቤት ማኅተም በአውሮፓ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፣ በእጅ በአማርኛ የተጻፈው በእኛ። ጀርባው ላይ እንዲሁ 1965 ቢልና መንገዱ ላይ ላዳ ቢታይ፣ ዓመቱ የእኛ አቆጣጠር ነው፤ የመጀመሪያዋ ላዳ ከፋብሪካ የወጣችው በ1970 እ.ኤ.አ.፣ ማለት በ1962 ዓ.ም. ነውና። መኪና፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ሁሉ እንዲህ ይመሰክራሉ።

የባቡር ሠራተኛ የነበሩ አባቶችን ስንጠይቅ ዓመት መጠየቅ አያዋጣም። ፎቶውን 13 በ18 ሳንቲ ሜትር አሳትሞ እጃቸው ላይ መስጠትና "ጋሼ፣ ባቡሩ ሲገባ እርስዎ የት ጋ ነበር የሚቆሙት?" ማለት ነው። በስልክ ስክሪን ላይ ጣት ሲነካ ምስሉ ይሸሻል፤ ወረቀት ላይ ግን በጣታቸው እየጠቆሙ ይናገራሉ። ዘመኑን በጃንሆይ ጊዜ፣ በሶማሌ ጦርነት ጊዜ እያሉ ይነግሩናል፤ የሶማሌው ጦርነት 1969 እና 1970 ዓ.ም. ነው፣ መስመሩም ያኔ ተቋርጦ ነበር። የተናገሩትን በራሳቸው ቃል መጻፍ፣ የእኛን ግምት ከሥሩ ለይቶ።

የካሜራው ሰዓት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚመዘግብ የፋይሉ ስም እንደዚያው ይቆያል፤ የፎቶው መግለጫ ግን ሁለቱንም ይይዛል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። የእኔ መግለጫ እንዲህ ይመስላል፦ "አቃቂ፣ የድሮው መስመር፣ ካሜራው ወደ ደቡብ፣ ከበስተኋላ ዝቋላ። ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. / ኦክቶበር 24 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 1፡20። ስፋቱ በጣውላ ተለክቷል።" ለታተመ ፎቶ ይህንኑ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠንካራ ነገር ላይ አጋድሞ፣ በጀርባው ዳር ዳር መጻፍ ነው። የእስክሪብቶ ጫፍ እስከ ፎቶው ፊት ድረስ ይታተማል፣ ቀለሙም በላዩ ላይ ወደሚቀመጠው ፎቶ ይተላለፋል። አንድ ቅጂ ለባለ አልበሙ ቤተሰብ ይሰጣል፤ እነሱ የጨመሩት ስምና ቦታ ካለ በቀጣዩ ቅጂ ጀርባ ላይ ይገባል።