ወፍራም፣ ጋደል ያለ፣ ጫፉ ክብ የሆነ የግዕዝ ፎንት እንዴት ሠራሁ

ለፖስተርና ለሱቅ ስም የሚሆን፣ ወፈር ብሎ ወደ ቀኝ ጋደል ያለ፣ ጫፎቹ የተድበለበሉ የአማርኛ ፊደል ለብዙ ጊዜ ስፈልግ ነበር። ብዙ ዲዛይነር የሚያደርገው ቀጥ ያለውን ፎንት ኢታሊክ የምትለዋን ቁልፍ ተጭኖ ማጋደል ነው። በዚህ መንገድ ግን ክቡ ጫፍ ሞላላ ይሆናል፤ «ዐ»ን ብታዩት ላይኛው ቀኝና ታችኛው ግራ ጎኑ ወፍሮ ሌላው ሳስቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ፎንትፎርጅ በተባለው የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ከባዶ ጀመርኩ።

ቁልፉ ቅደም ተከተሉ ነው። እያንዳንዱን ፊደል ውፍረት በሌለው የመሃል መስመር ብቻ ሣልኩት። መስመሩን 10 ዲግሪ አጋደልኩና በመጨረሻ «ኤክስፓንድ ስትሮክ» በሚለው ትእዛዝ፣ ክብ ጫፍ መርጬ አወፈርኩት። አጥንቱ ቀድሞ ከተጋደለ፣ በኋላ የሚለብሰው ሥጋ አይዛባም።

ውፍረቱን ለሁሉም እኩል ማድረግ ግን አይቻልም። ፊደሉ በሚሣልበት፣ 1000 ዩኒት (የፎንት መለኪያ) በሆነው ሜዳ ላይ «ተ» እና «ነ» 150 ዩኒት ውፍረት ይሸከማሉ፤ «ጠ» እና «ሐ» ሦስት እግር ስላላቸው በዚያው ልክ ሲሠሩ ገጹ ላይ ጠቁረው ይወጣሉ። 125 ላይ ሳወርዳቸው ዓይን እኩል አድርጎ አያቸው።

ከሁሉ በላይ የደከምኩት ኃምስ ላይ ነው። «ቤ» ከ«ቢ» የሚለየው እግሩ ሥር ባለችው ትንሽ ቀለበት ነው። ፊደሉ ሲወፍር የቀለበቷ ዓይን ይደፈናል፤ ያኔ «ቤት» ብሎ የጻፈው ሰው «ቢት» ተብሎ ይነበብበታል። ስለዚህ የቀለበቷን መስመር ከዋናው እግር አሳስቼ፣ ቀለበቷን ወደ ውጭ ገፍቼ፣ ዓይኗ ከሩቅ እንድትታይ አደረግሁ። መልኩ ትንሽ ቢጎዳም አናባቢው ይበልጣል። መሞከሪያዬ «ጨጨብሳ» የሚለው ቃል ነበር፤ እሱ ጥርት ብሎ ከተነበበ ሌላው አያስቸግርም። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ከ«ሀ» ሳይሆን ከ«ጬ» ይጀምር እላለሁ።

ክብ ጫፍ ሌላም ጣጣ አለው፤ እግር አጥሮ እንዲታይ ያደርጋል። «በ» እና «ባ»ን የሚለየው የእግር ርዝመት ስለሆነ፣ የ«ባ»ን ቀኝ እግር ቀጥ ባለ ጫፍ ከሚበቃው በላይ ማስረዘም ነበረብኝ። «ታ» ደግሞ እግሩን ወደ ግራ ይዘረጋል፤ መጋደሉ ሲጨመርበት ከፊቱ ያለውን ፊደል እግር ይነካል። እንዲህ ያሉትን ጥንዶች አንድ በአንድ እያየሁ ክፍተታቸውን አስተካከልኩ።

የላቲኑ ኢታሊክ ከእጅ ጽሕፈት የመጣ ነው፤ አታሚው አልዶ ማኑዚዮ እ.ኤ.አ. በ1501 ቬኒስ ውስጥ መጽሐፍ ያተመበት ፊደል መነሻው የእጅ ጽሕፈት ነበር። በእኛ ብራና ላይ ግን ጸሐፊው አንድን ስም ለይቶ ማሳየት ሲፈልግ በቀይ ቀለም ይጽፈዋል እንጂ ፊደሉን አያጋድልም። ይህን ሳስብ የላቲኑን ቅርጽ መከተል ተውኩ። ማጋደሉ የእንቅስቃሴ ስሜት እንዲሰጥ ብቻ ነው የፈለግሁት።

የአራት ነጥብ ጠብጣቦች ክብ ሆነው ቀርተዋል፤ አቀማመጣቸው ብቻ ከፊደሉ ጋር ጋደል ይላል። ከግዕዝ ቁጥሮች ግን አንዱንም ገና አልጨረስኩም። ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞች በዚህ ውፍረት መሃሉን ስለሚውጡት፣ ቀጠን ባለ ሰረዝ ለብቻቸው መሣል አለባቸው።