ትሪኒዳድን ከሸለቆው ጀምሩ
ኩባ ውስጥ ከሲየንፉዌጎስ ከተማ እስከ ትሪኒዳድ ከተማ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡስ አለ። እኔና ጓደኛዬ ግን ለቀኑ ኮንትራት መኪና ያዝን። የ1950ዎቹ ሼቭሮሌት ናት (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አካሏ የአሜሪካ፣ ሞተሯ የራሺያ ናፍጣ። ሹፌሩ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ከኢትዮጵያ መምጣታችንን ሲሰሙ መሪውን ለቀው በሁለት እጃቸው ሊጨብጡን ምንም አልቀራቸው። ለካ ታላቅ ወንድማቸው ኦጋዴን ዘምተው ነበር። «ጅጅጋ! ሐረር!» አሉን፣ አጥርተው። እኛም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ስላለው የትግላችን ሐውልት ነገርናቸው። በጦርነቱ የወደቁት ኩባውያን ፎቶ እዚያ መኖሩን አያውቁም ነበር። ከዚያ ወዲያ ቤተሰብ ሆንን። ዋጋ ግን አልቀነሱልንም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ከተማዋን ያያል፤ ጊዜ ከተረፈው ወደ ሸለቆው ብቅ ይላል። እኛ ከተማዋን አልፈን በቀጥታ ወደ ስኳሩ ሸለቆ፣ ወደ ቫዬ ዴ ሎስ ኢንሄኒዮስ ነዳን። ሐሳቡ የሹፌሩ ነው። ፀሐይ ሳይበረታ ማማው ላይ ውጡ አሉን። እኔም እንደዚያው አድርጉ እላለሁ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው።

ማማው ማናካ ኢስናጋ የሚባል ቦታ ላይ ነው። 45 ሜትር ይረዝማል፣ 7 እርከን አለው። ኢስናጋ የተባሉ የስኳር ከበርቴዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ያሠሩት ነው። አስጎብኚዎቹ ስለ ሁለት ወንድማማቾች ፉክክር ያወራሉ፤ አንዱ ማማ ሲያቆም ሌላው የዚያኑ ያህል ጉድጓድ ቆፈረ ይላሉ። ፈገግ የሚያሰኝ ተረት ነው። የማማው ሥራ ግን ግልጽ ነው፤ ሰው እንዳያመልጥ መጠበቅ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሸለቆ ውስጥ ከ50 በላይ የስኳር መጭመቂያዎች ነበሩ። በባርነት ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ደግሞ ከ30,000 ይበልጡ ነበር። ኩባ ባርነትን ያስቀረችው በ1886 ነው።

ደረጃው እንጨት ነው፣ ሲረግጡት ይንቋቋል። ላይ ወጥቼ በቅስቱ በኩል ስመለከት ሸለቆው በሙሉ እስከ ተራሮቹ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። የሚሸሽ ሰው የት ይደበቅ ነበር? መልስ አጣሁ። ሸንኮራው እንደ ድሮው የለም፤ ከብት የሚግጥበት ሜዳ በዝቷል። የሥራ ሰዓት ይደወልበት የነበረው ትልቁ ደወል መሬት ወርዷል፣ ቱሪስት ተደግፎት ፎቶ ይነሳል። ከጌቶቹ ቤት ጀርባ የእንጨት መጭመቂያ አለ። እጀታውን ገፍተን አንድ ብርጭቆ የሸንኮራ ጭማቂ ጠጣን። በጣም ይጣፍጣል፣ ቅር እያለኝም ቢሆን ጨረስኩት። ከማማው ሥር ሴቶች ክሩን እየመዘዙ የጠለፉትን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ገመድ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። ጓደኛዬ እዚያ ተከራክራ ተከራክራ ባዶ እጇን አልተመለሰችም።

ከዚያ ወደ ከተማዋ ገባን። ትሪኒዳድን የስፔኑ ዲየጎ ቬላስኬስ በ1514 ቆረቆራት። ቤቶቹ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ናቸው። መስኮቶቹ እስከ መሬት ይወርዳሉ፣ በፍርግርግ ታጥረዋል። መንገዱ ያልተጠረበ ድንጋይ ነው፤ ታኮ ጫማ ያደረገች ቱሪስት አይቼ አዘንኩላት። መታጠፊያው ላይ የድሮ መድፍ ተተክሏል፣ ጋሪ ግድግዳ እንዳይገጭ ነው አሉ። ዋናው አደባባይ ዳር ያለው የስኳር ከበርቴው የብሩኔት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። እብነ በረድ፣ ከአውሮፓ የመጣ ሸክላ፣ የክሪስታል መብራት። ጠዋት ማማውን ባላይ ኖሮ «አቤት ሲያምር!» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ግን የእያንዳንዱ ዕቃ ሒሳብ ከየት እንደተከፈለ ይታየኛል። በኋላ የስኳሩ ንግድ ሲወድቅ ገንዘቡ ወደ ሲየንፉዌጎስ ዞረ። አፍርሶ አዲስ የሚገነባ ሀብታም ጠፋና ከተማዋ እንዳለች ቀረች። ዩኔስኮም በ1988 ከተማዋንና ሸለቆውን አንድ ላይ መዘገበ፤ ልክ ነው፣ አይነጣጠሉም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ቤት ገብተን ካንቻንቻራ አዘዝን። አረቄ፣ ማርና ሎሚ ነው፣ በሸክላ ስኒ ይቀርባል። ሁለተኛውን ሳንጀምር መብራት ጠፋ። ኩባውያኑ አልደነገጡም። እኛም አልደነገጥንም፤ አስተናጋጁ ግን በእኛ ተገርሟል።

አንኮን የሚባለው የባሕር ዳርቻ 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ደርሰን እግራችንን ነክረን ተመለስን። ሹፌሩ ሳይጨልም እንሂድ ብለው ወጥረው ያዙን። መንገዱ ላይ መብራት የሌለው የፈረስ ጋሪ ይበዛል፣ እውነታቸውን ነው። በዚህ የተነሳ ማታ ከቤተክርስቲያኑ አጠገብ ደረጃው ላይ የሚጀመረው ሙዚቃ አመለጠን። የምትሄዱ ከሆነ አንድ ሌሊት እደሩ። ክፍል የሚያከራይ ቤት በየመንገዱ አለ። ኮንትራቱን ለሸለቆው ብቻ፣ በማለዳ፣ ከዚያው ከከተማዋ ያዙ።