ደጋ ላይ ፖሊስተር ቀለም የምትነክሩ፣ የእሽጉን ሰዓት አትመኑ

ነጭ በነጭ ሸማ አሠርቼ ቤቴ ውስጥ ሁለት ቀለም አወጣሁለት፤ መደቡ ሰማያዊ፣ መስመሩ ቢጫ። ያየው ሁሉ ከየት ገዛሽው ይለኛል፤ እኔም በኩራት እመልሳለሁ። ግን እዚህ እስክደርስ የፈጀሁትን መብራትና የበላኝን ንዴት ሌላ ሰው እንዳያየው ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ የሚሠራው ክር ቀለም ስለሚያማርጥ ነው። ሪአክቲቭ የሚባለው የጥጥ ቀለም ፖሊስተርን አይነካውም። የፖሊስተሩ ቀለም ዲስፐርስ ደግሞ ጥጥ ላይ ቢያርፍም በሙቅ ውሃና በሳሙና አብዛኛው ይለቃል። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ድሩንም ማጉንም ጥጥ አድርጎ በየመሃሉ የሚያብለጨልጭ ፖሊስተር ክር እንዲያስገባልኝ አዘዝኩ። ሲመጣ መስመሩ የሚታየው ጨርቁን ወደ መስኮቱ ሲያዘነብሉት ብቻ ነበር። «ለሁሉም ጨርቅ ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት ለዚህ ሥራ አትግዙ፤ አብዛኛው ጥጥና ሱፍ ነው የሚያቀልመው፣ ፖሊስተሩን ነጭ እንደሆነ ይተወዋል።

ቅደም ተከተሉ አጭር ነው። መጀመሪያ ጨርቁን በሳሙና አጥቦ ስታርቹን ማስለቀቅ። ቀጥሎ ፖሊስተሩን በዲስፐርስ፣ ትንሽ አቼቶ ጨምሮ፣ መቀቀል። ከዚያ በሙቅ ውሃ ማጠብ፤ በመጨረሻ ጥጡን በሪአክቲቭ፣ በጨውና በሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት)፣ ለብ ባለ ውሃ መንከር። ፈዛዛውን ቀለም ለፖሊስተሩ፣ ደማቁን ለጥጡ ስጡ፤ ጥጡ ላይ የቀረውን ቅሪት ደማቁ ይሸፍነዋል።

ያናደደኝ መቀቀሉ ነው። እሽጉ ላይ «በፈላ ውሃ ለ30 ደቂቃ» ይላል። ሰዓት ይዤ፣ ዱላ ይዤ፣ እያማሰልኩ ቀቀልኩ። ሳወጣው መስመሩ ቢጫ መሰለ። ሳጥበው ግን ውሃው ቢጫ ሆነና ክሩ የደከመ ሻይ የነካው መስሎ ቀረ። ቀለሙን የሸጠልኝ ሱቅ ደወልኩ።

«ውሃው አልፈላ ይሆናል እህቴ።»

«እንዴ! ሲንተከተክ እያየሁት!»

«እንግዲያው ክሩ ፖሊስተር አይደለም፤ ሸማኔው ሸውዶሻል።»

ይኼን ሰምቼ ሸማኔውን ልጣላው ምንም አልቀረኝም። ደግነቱ ከመሄዴ በፊት ከዘርፉ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት ለኮስኩት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ አመዱም በጣት ይበናል። ይኼኛው ግን ተኮማትሮ ቀለጠ፤ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ቋጠረ። ሸማኔው አልዋሸም። ሌላ እሽግ ገዛሁ፣ መጠኑን እጥፍ አደረግሁ፣ ያው ሆነ። ሱቁ አሁንም «አፍይው» ይለኛል።

መልሱ የተገኘው የኩሽና ቴርሞሜትር ተውሼ ድስቱ ውስጥ ስከተው ነው። ውሃው እየተንፈቀፈቀ 92 ዲግሪ ላይ ቆሟል፤ እሳት ብጨምርም ንቅንቅ አይልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ያለች ከተማ ናት፤ እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም። ደብረ ብርሃን ላይ ንፍሮ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለምናውቅ ሰዎች ይኼ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም! የፖሊስተር ክር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ለቀለም የሚከፈተው በከፍተኛ ሙቀት ነው። ፋብሪካዎች በግፊት ወደ 130 ዲግሪ አድርሰው ነው የሚያቀልሙት። የእሽጉ 30 ደቂቃ የተጻፈው ውሃው 100 ለሚደርስለት ሰው ነው። ቀለም ሻጩ አዲስ አበባ ተቀምጦ ይኼን አለማወቁ ዛሬም ያበግነኛል።

እና ምን ይሻላል? ጨው ጨምሪበት ያሉኝ ነበሩ። አንድ ዲግሪ ለመጨመር ለእያንዳንዱ ሊትር 60 ግራም ያህል ጨው ይፈልጋል፤ ለዚያ ሁሉ ጨው የምታገኙት ኢምንት ነው። ፕሬዠር ኩከርን እኔ አልደፍርም፤ ጨርቁ ተነፍቶ መተንፈሻውን ቢዘጋው ቤት ያፈርሳል። እኔን ያወጣኝ ትዕግሥት ነው፦ ድስቱን ግጥም አድርጎ መክደን፣ ለማማሰል ብቻ መክፈት፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መቀቀል። እሽጉ ምንም ይበል፣ የምታምኑት መስመሩን ነው፤ ጫፉን አውጥታችሁ በሳሙና አጥባችሁ እዩት፣ ካልጠገበ መልሱት።

ሰማያዊው ያለ ጣጣ ያዘ። ብቻ ሶዳ አሽ ስትሉ የዳቦ ሶዳ የሚሰጧችሁ አሉ፤ አንድ አይደሉም። ድስቱም አሉሚኒየም አይሁን፣ ሶዳው ይበላዋል። ቀለም የገባበት ድስት ደግሞ ወደ ወጥ አይመለስም፤ ዱቄቱንም ስትበጠብጡ አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጠርዙን የቀመቀመችልኝ ልጅ የተጠቀመችው ፖሊስተር ክር ኖሮ፣ ሰማያዊው ጠርዝ ላይ ስፌቱ ቁልጭ ያለ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ሰው ሆን ብዬ ያደረግሁት ይመስለዋል፤ እኔም አላርምም። ይኼን የማትፈልጉ ከሆነ ወደ ልብስ ሰፊ ስትሄዱ የጥጥ ክር ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።