በእኔ ቆዳ ላይ መቅላት አይታይም፤ ለጨረር ሕክምና እንዴት እንደተዘጋጀሁ

የቦርሳዬ ማንገቻ በሚያርፍበት ቦታ፣ ከግራ ትከሻዬ ወደ ደረቴ ወረድ ብሎ፣ ጠንካራ እብጠት ከወጣ ዓመታት አልፈውት ነበር። አያምም፣ አያሳክክም። ቁስል ሲድን ጠባሳው የሚያብጥብኝ ሰው ስለሆንኩ ኬሎይድ ነው ብዬ ተውኩት። እያደገ ሲመጣ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ አደንዝዘው ቆርጠው አወጡትና ሸኙኝ። የወጣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና በአጉሊ መነጽር የሚታይበት) ምርመራ አልተላከም፣ እኔም አልጠየቅሁም። በሁለተኛው ዓመት እዚያው ቦታ ላይ ከበፊቱ ሰፍቶ ተመለሰ። ናሙና ተወስዶ ስሙ የታወቀው ያን ጊዜ ነው፦ ደርማቶፋይብሮሳርኮማ ፕሮቱበራንስ።

እምብዛም የማይከሰት የቆዳ ካንሰር ነው። የሚያድገው በዝግታ ነው፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚዛመተውም ከስንት አንዴ ነው። ክፋቱ ከሚታየው እብጠት አልፎ በቆዳ ውስጥ ሥር መስደዱ ነው፤ ተነቅሎ አለቀ ሲሉት መልሶ ይበቅላል። በጥቁር ሰዎች ላይ ከነጮች ይልቅ በብዛት እንደሚታይ የነገረችኝ ቀዶ ሐኪሜ ናት። የቆዳ ካንሰር የነጮች በሽታ ነው የሚለው እምነት ስንት ጊዜ እንዳባከነብኝ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። እባካችሁ፣ ከሰውነታችሁ ቆርጠው ያወጡት ነገር ሁሉ ትንሽ ቢሆንም ይመርመር፤ ውጤቱንም በወረቀት ተቀበሉ።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ሰፊ ነበር። እንዲያም ሆኖ በአንደኛው ጠርዝ የካንሰሩ ሕዋሳት ከተቆረጠበት መስመር እጅግ ቀርበው ተገኙ። ስለዚህ ጨረር ታዘዘልኝ፦ በየቀኑ 2 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለ6 ሳምንት፤ በድምሩ 30 ጊዜ፣ 60 ግሬይ። ቁስሉ እስኪድን 5 ሳምንት ነበረኝ።

መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ክንዴን ነው። በሕክምናው ጊዜ ክንድን ከራስ በላይ ዘርግቶ ሳይነቃነቁ መተኛት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ፀጉሬን ለማበጠር እንኳ እጄ አይነሳም ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ግድግዳ ፊት ቆሜ በጣቶቼ ወደ ላይ እንድወጣ አስተማረችኝ። በየማታው ጣቴ የደረሰበት ቦታ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጠፍኩ። የመጀመሪያው ፕላስተር አገጬ ትክክል ነበር፤ በአራተኛው ሳምንት ከማቀዝቀዣው በላይ አለፍኩ። ይህን ባላደርግ ኖሮ ሰውነቴ ለጨረሩ የሚለካበት ቀን እንደሚራዘም እርግጠኛ ነኝ።

በልኬቱ ቀን ጥቃቅን ፍሬዎች በሞሉት ከረጢት ላይ አስተኙኝ። አየሩ ሲመጠጥ ከረጢቱ የሰውነቴን ቅርጽ ይዞ ደረቀ፤ በየቀኑ የምተኛው እዚያው ቅርጽ ውስጥ ነው። ሲቲ ስካን ከተነሣሁ በኋላ ከግድግዳው የሚመጡት የብርሃን መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ ሦስት ነጥብ ነቀሱኝ፤ እያንዳንዷ የጤፍ ፍሬ ታህላለች። የጨረር ቴራፒስቱ ወዲያው መልሶ ሲፈልጋቸው መብራት ጨምሮ፣ ጎንበስ ብሎ ነው ያገኛቸው። በጠይም ቆዳ ላይ ጥቁር ነጥብ ይጠፋል። ዙሪያቸውን በብዕር እንዲያከብብልኝና በብርሃን አሳላፊ ፕላስተር እንዲሸፍንልኝ ጠየቅሁት፤ ደስ ብሎት አደረገው። ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላት እናቴ ማታ ነጥቦቹን ባየች ጊዜ፣ «እኔን በመርፌና በጥላሸት ነበር፤ አንቺን አመመሽ ወይ ልጄ?» አለችኝ። ከምርመራው ወዲህ ስለ በሽታው ሳታለቅስ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሌላው ያላወቅሁት ነገር፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው ጨረር ብርታቱን የሚያሳርፈው ከቆዳው ጥቂት ገባ ብሎ መሆኑን ነው። የእኔ በሽታ ግን ቆዳው ላይ ነው። ስለዚህ እንደ ረጋ ጀላቲን የሚለሰልስ ቀዝቃዛ ንጣፍ ጠባሳው ላይ ያነጥፋሉ፤ ጨረሩ ንጣፉን ሥጋ ያህል ቆጥሮ ብርታቱን ቆዳው ላይ ይጀምራል። በዚህም የተነሣ ቆዳው ይበልጥ ይጎዳል።

ነርሷ የሰጠችኝ ወረቀት «ቆዳዎ ሲቀላ ይደውሉ» ይላል። «በእኔ ቆዳ ላይ መቅላት አይታይም፤ ምን ልጠብቅ?» አልኳት። ጥቂት አሰበችና በቅንነት መለሰችልኝ፦ መጥቆር፣ መሞቅ፣ መወጠር፣ ማሳከክ። ከመጀመሪያው ቀን በፊት በመስኮት ብርሃን ትከሻዬን ፎቶ አነሣሁ፤ ከዚያም በየሰኞው፣ በዚያው መስኮት። በሦስተኛው ሳምንት የቡና መልክ የነበረው ቆዳ ከሰል መስሎ ነበር። ሁለቱን ፎቶዎች አስተያይቼ ሳሳያት ቅባቱ በዚያው ቀን ታዘዘልኝ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ፎቶውን ውሰዱ።

እናቴ ቅቤ ልትቀባኝ ትፈልግ ነበር። እኔ ግን ከሕክምና ቡድኑ ያልተፈቀደ ምንም ነገር አላስነካሁትም፤ ለብ ያለ ውሃና ሽታ የሌለው ሳሙና ብቻ፣ ሲደርቅም ሳይታሽ። የቦርሳና የጡት መያዣ ማንገቻ ትቼ ያረጀ ነጠላ አደረግሁ። ጠበሉን ጠጣሁ፣ ትከሻዬን ግን አላሸሁም። ሕክምናው ከዐቢይ ጾም ጋር ስለተገናኘ የንስሐ አባቴን አስቀድሜ አማከርኳቸው። እንቁላልና ወተት ፈቀዱልኝ፤ ቁስል የሚጠገነው በምግብ ነውና።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ሆኖም የስምምነት ወረቀቱን ስፈርም በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አስጠራሁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ የምትፈራው «ጨረሩ ወደ እኔ ይተላለፋል?» የሚለውን ነበር። ከውጭ የሚሰጥ ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ ያበቃል፤ ሰውነት ውስጥ አይቀርም። የመጀመሪያው ቀን ማታ አቅፌያት ተኛሁ።

ድካሙ ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ በርትቶብኝ ነበር። ቆዳው ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለሁለት ሳምንት ተልጦ ዳነ፤ ጥቁረቱ ግን አሁንም አለ፤ ከፀሐይ እሸፍነዋለሁ። በየስድስት ወሩ ሐኪሟ ጠባሳውን በጣቷ እየዳሰሰች ታየዋለች። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ በኅዳር ነው።