ድሬሲንግ ከንጹሑ ቁስል ይጀመር

አዳማ ውስጥ ቁስለኛ ወታደሮች በሚተኙበት ዋርድ ኃላፊ ነርስ ሆኜ ስመደብ፣ መጀመሪያ የለወጥኩት የድሬሲንግ (ቁስል አጽድቶ የማሸግ) ተራውን ነው። ቀድሞ በሩ አጠገብ ካለው አልጋ ተጀምሮ በመስመር ይኬድ ነበር። መሀል ላይ መግል የያዘ ቁስል ካለ፣ ጀርሙ ስለሚተላለፍበት ቀጥሎ የተኛው ልጅ አደጋ ላይ ነው። አሁን ጠዋት ርክክብ ላይ ቁስሎቹን እንለያለን። ንጹሕ የኦፕሬሽን ስፌት ይቀድማል፤ መግል የያዘው መጨረሻ ይሠራል። ይህ አምስት ሳንቲም አላስወጣንም።

ከዚያ የእጅ ነገር መጣ። ማጠቢያው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፣ ውሃውም ይጠፋል። በሥራ የተወጠረች ነርስ በየበሽተኛው መሀል እዚያ ድረስ ትመላለስ ማለት የማይሆን ነው። ስለዚህ ሳኒታይዘሩን ከተቆለፈበት ቁም ሳጥን አውጥተን በየአልጋው ግርጌ በፋሻ አሰርነው። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መታሸት ይበቃዋል። በሳሙናና በውሃ ሲሆን ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። እጅ ላይ ደም ወይም መግል ከታየ ግን መታጠብ ግድ ነው፤ ለዚያ ቧንቧ ያለው በርሜል አስቀመጥን። ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም። በአንድ ጓንት ሁለት ሰው ሲነካ ሳይ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ትልቁ አጋዥ ያልጠበቅነው ሰው ሆነ። እግሩ የተሰበረ አንድ አሥር አለቃ ነበር፤ ዋርዱ በሙሉ ይሰማዋል። ምክንያቱን አስረድቼ እንዲያግዘን ጠየቅኩት። ከዚያ ወዲያ ወደ አልጋ የቀረበ ሁሉ «እጅ!» ይባላል፣ አስታማሚም ሆነ ሐኪም። አንድ ቀን ራውንድ ላይ አንዱን ዶክተር አስቆመው። ዶክተሩ ፊቱን ቢያጠቁርም እጁን አሸ። ለእኛ ለነርሶች ሐኪምን ማረም ይከብደናል፤ በሽተኛ ሲናገር ግን ማን እምቢ ይላል?

ጽዳቶቹን ሥልጠና ላይ መርሳት የተለመደ ነው፣ እኔ ግን ቀድሜ የማስቀምጠው እነሱን ነው። የአዳማ ንፋስ አቧራውን በመስኮት ይዞ ይገባል፤ ደረቅ መጥረጊያ ደግሞ መልሶ ቁስል ላይ ይበትነዋል። በእርጥብ መወልወል ጀመሩ። 5% በረኪና ከሆነ አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ሲበጠብጡት 0.5% ይሆናል፣ በየቀኑም አዲስ ይሠራል። የፈሰሰ ደም መጀመሪያ ይጠረጋል፤ ደም ክሎሪኑን ያደክመዋልና። ይህን ሲረዱ ከእኛ በላይ ጥብቅ ሆኑ።

አሁን የያዝነው ሌላውን የጀርም መግቢያ፣ ካቴተርን (የሽንት ቱቦን) ነው። በየጠዋቱ ርክክብ ላይ «ይህ ሰው ዛሬም ያስፈልገዋል?» ብለን እንጠይቃለን። ካላስፈለገው ለሐኪሙ ነግረን ያኔውኑ እናወጣለን።