የኮዬ ፈጬ የስኳር ሕሙማን ቡድን፦ የስድስተኛው ወር መዝገብ

«ስኳሬ ወርዶ ጣፋጭ ቀመስኩና ተሻለኝ» የሚል ወሬ ለሚሰማው ሰው ምንም አያስይዘውም። ምን ያህል ጣፋጭ? ከመርፌው በኋላ ስንት ሰዓት ቆይቶ? ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ ሰዓቱ፣ የተበላው ከነመጠኑ፣ የመድኃኒቱ ዓይነትና የተወሰደበት ሰዓት፣ የመለኪያው ቁጥር፣ የተደረገው ነገር እና ከ15 ደቂቃ በኋላ የታየው ቁጥር ያልተጻፈበት ገጠመኝ መዝገቡ ላይ አይሰፍርም።

እንዲህ ሲጻፍ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። የደም ስኳሩ ከ70 mg/dL በታች ለወረደ ሰው የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል ስኳር ነው፦ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ውሃ ውስጥ በጥብጦ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። ቸኮሌት አይሆንም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወዲያው ወደ ሕክምና ነው።

ቁጥሩም ያታልላል። ብርቱካን የላጠ ጣት ሳይታጠብ ከተወጋ መለኪያው የፍሬውን ስኳር ጨምሮ ያነባል። ያንን አምኖ ኢንሱሊን የጨመረ ሰው ሌሊት ላይ ሊወርድበት ይችላል። «ድንገት ከፍ አለብኝ» ለሚል ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ «እጅህን ታጥበህ ነበር?» ይሁን።

መብራት ሲጠፋ ስለሚያስጨንቀው ነገር፦ የተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ ሙቀት ካልመታው አብዛኛው ዓይነት ከፍሪጅ ውጭ እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ። የላይኛው ፎቅ ቀትር ላይ ስለሚግል ትንሽ ገንቦ በትልቅ ገንቦ ውስጥ አስቀምጡ፣ በመካከሉ አሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥቡ። ብልቃጡ በፌስታል ተጠቅልሎ ትንሹ ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ ጽሑፉ ይለቃል። ፍሪጅ ውስጥ ከበረዶው ቤት ተጠግቶ የረጋ ኢንሱሊን ግን ቢቀልጥም ይጣላል። ይሄኛው የሚጎዳን ብልቃጡ ደህና ስለሚመስል ነው።

የመድኃኒት መጠን ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሰው አይተላለፍም። ሦስት ሰው የመሰከረው ነገር እንኳ ሲስተር ካላየችው ወደ ጋራው ደብተር አይገባም።

የጾም ገጽ ገና ባዶ ነው። ለመጾም ያሰባችሁ ጾሙ ከመግባቱ ከሁለት ሳምንት በፊት የጠዋትና የቀትር ቁጥራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እስከዚያ ማንም የመርፌ ሰዓቱን በራሱ እንዳያሸጋሽግ።