በአንድ ቀን አይባልም

ትምህርት ቤት ሄደን የተማሪዎችን የደም ግፊት እንድንለካ ስንታዘዝ፣ ከጤና ጣቢያው ይዘን የወጣነው አንድ ዓይነት ካፍ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን፣ አየር የሚሞላውን መለኪያ) ብቻ ነው። መካከለኛውን። ደሴ ነን፤ ተማሪው ከጦሳ ተራራ ሥር ያለውን ዳገት ወጥቶ ገና እያለከለከ ይቀመጣል። ኃላፊያችን በር ላይ ቆሞ «ቶሎ ቶሎ በሉ፣ ሪፖርቱ ዛሬ ይገባል» ይላል።

አንዲት የ16 ዓመት ልጅ መጣች። ሞላ ያለች ናት፤ ካፉ ክንዷ ላይ በመከራ ገጠመ። 142/92። «ትረፍና ሌላ ካፍ ፈልገን እንለካታለን» ስል፣ ኃላፊያችን በተሰለፉት ተማሪዎች ፊት «ይቺ ግፊት አለባት፣ ጻፍ!» አለ። የሱ ድምፅ ደግሞ ማይክ አይፈልግም።

በማግስቱ አባትየው መጡ። ድምፃቸው ከካርድ ክፍል ሲሰማ ኃላፊያችን ድንገት ስብሰባ ትዝ አለው። የምን ስብሰባ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገረንም።

«ልጄን በሽተኛ ናት ብላችሁ አገር ሰማ! ነገ ማን ያገባታል?»

«አብሽሩ አባቴ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

ከዚያ አስረዳሁ። ጠባብ ካፍ ወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር ቁጥሩን ይሰቅለዋል፤ የካፉ ፊኛ ቢያንስ የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ መሸፈን አለበት። ከ13 ዓመት በታች ላሉት በዕድሜ፣ በጾታና በቁመት የሚታይ ሰንጠረዥ አለ። ከ13 ጀምሮ 130/80 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው፤ ያም ቢሆን በሦስት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ ካልተረጋገጠ ግፊት አለባት አይባልም። ዳገት ወጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ተናዶ፣ እያወሩ መለካት ዋጋ የለውም። ጀርባን ደገፍ አድርጎ፣ እግርን መሬት አስረግጦ አምስት ደቂቃ ማረፍ ነው። እውነት ለመናገር፣ እንደዚያ ቀን አስረድቼ አላውቅም።

በረድ ሲሉልኝ «እርስዎስ ተለክተው ያውቃሉ?» አልኩ። እጃቸውን ዘረጉ። 172/104።

«ከፍ ብሏል አባቴ።»

«አናዳችሁኝ ነዋ!»

«ቢሆንም ትንሽ በዛ...»

«በአንድ ቀን አይባልም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ምን ይባላል? ነገ ይምጡ አልኩ። «ኢንሻአላህ» ብለው ወጡ። ይህቺን ኢንሻአላህ ወሎ ያደገ ሁሉ ያውቃታል።

ለልጅቱ ሰፊ ካፍ ተውሼ ለካኋት። በሁለተኛው ቀጠሮ 118/76፣ በሦስተኛው 114/72። ምንም የለባትም። ሪፖርቱ ግን ቀድሞ ሄዷል፤ እዚያ ላይ አሁንም ሕመምተኛ ናት። ኃላፊያችን በዚያ ሪፖርት ተመስግኗል።

አባትየው ሁለቱንም ጊዜ እሳቸው ናቸው ያመጧት። በሁለተኛው «እስቲ ክንድዎን» ስላቸው፣ «በረካውን ጠጥቼ ነው የወጣሁ፣ ቡና ይሰቅለዋል ብለሃል» አሉ። በሦስተኛው ቡናም አልቀመሱም።

«ዳገቱን ግን አየኸው?» አሉኝ።

«አምስት ደቂቃ አረፍ ይበሉና እለካዎታለሁ።»

«ወላሂ ሱቁን ለጎረቤት ትቼ ነው የመጣሁ» ብለው ልጃቸውን አስከትለው ወጡ።